ቀስ

አሥራ ሰባት ዓመት፣ ኮምቦልቻ ወደብ፣
እሱ ከክሬን አናት፣ እኔ ከብረት ረድፍ፣ ከኮንቴይነር አጠገብ፤
ሞተሩ ሲያጓራ ጆሮ ስለማይሰማ
በጣት ነበር ወጋችን፣ ያለ ቃል፣ ያለ ዜማ።

ሌባ ጣቴ ወደ ላይ ክብ ሲሠራ፦ አንሣ።
ወደ ታች ሲዞር፦ አውርድ፣ ገመዱ ሳይሳሳ።
አንዱን መዳፍ ከሌላው በላይ፣ ሳላስነካ ስይዝ፦ ቀስ።
ሁለቱን ጨብጬ ሆዴ ላይ ሳሳርፍ፦
በቃ፣ ሞተሩም ሰውም ይተንፍስ።

የምልክቱን መጽሐፍ ማንም ተምሮ ያነበዋል፤
የኛን ዘዬ ግን እኔና አረቡ ይመር ብቻ እናውቀዋለን።

አረቡ የደሴ ልጅ ነው። ንጋት ላይ በሐረጎ
ጉም ለብሶ ይወርዳል፣ ጠመዝማዛውን ተከትሎ፤
እታች ሲደርስ ሙቀቱ ጃኬቱን ያስወልቀዋል፣
አርባ ሁለት የብረት እርከን ቆጥሮ ይወጣል፣ ይቀመጣል።
ከሰዓት በኋላ ከቦርከና ዳር የሚነሣውን ነፋስ
አቧራው ሳያውቀው እሱ ያውቀዋል፤
ጭነቱን አስቀድሞ ወደዚያ ያዘነብለዋል።
መንጠቆው ሲገጥም ደግሞ፣ ከማንሣቱ በፊት፣
ጥቂት ይቆያል።
ትንፋሽ ታህል።
ከንፈሩ ከታች አይታይም፤ አንገቱ ግን ዝቅ ይላል።
«ቢስሚላህ» ነው። አንድም ቀን ዘሎት አያውቅም።

አምና ክረምት መጡ። ትሑት ልጆች ናቸው፣
ሽቦና ትንንሽ ሣጥን፣ ላፕቶፕ በጀርባቸው።
«ጋሼ አረቡ፣ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ፣ እኛን የሉም ይበሉ።»
እጀታው ላይ ለጥፈው ሦስት ወር ከእጁ ጋር ዋሉ።
አበል ከፈሉት። ሻይ ጋበዛቸው።
«የሰው እጅ እንዲህ ይቀዳል?» አልኩት እየጨነቀኝ፤
«ቢቀዱኝ አልጎድል» ብሎ ሣቀ፣ «ምንጭ ነኝ።»

አዲሱ በጥር መጣ። ዙሪያውን ዞርኩት።
መሰላል የለውም።
መስኮት የለውም።
ወንበር የለውም።
እንደ ልማዴ ጣቴን አዞርኩ፤ አላየኝም፣
ወይም አየኝ፣ እንደ እንቅፋት፦ ቀይ መብራቱን አብርቶ ቆመ።
«ከቢጫው መስመር ይውጡ» አለኝ ድምፅ ማጉያው፣ በአንቱታ።

አልዋሽም፣ ጎበዝ ነው። ሌሊት ይሠራል፣ ሻይ አያምረውም፤
ሁለት ሌሊት ሰልፍ ላይ ያድር የነበረ ሹፌር
ዛሬ በግማሽ ቀን ይወጣል፣ ደስ ቢለው አልፈርድበትም።
የሙሄን ግራ እግር የበላው ብረት
ዘንድሮ የማንንም እግር አልነካም።

አንድ ነገር ግን አለ።
ኮንቴይነሩን ይጨብጥና፣ ከማንሣቱ በፊት፣
ጥቂት ይቆያል።
ትንፋሽ ታህል።

ኢንጂነሯ ሐያት ሰዓት ይዛ ቆጠረች፣
«ይህ መዘግየት ከየት ገባ? ስሕተት ነው» አለች።
«እርስዎ አብረውት ሠርተዋል፤ ምክንያቱን ያውቃሉ?»
ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።
ብነግራት ታርመዋለች።
ቃሉን ሳይሰሙት ዝምታውን ቀድተውት፣
ብረት የማያውቀውን ጸሎት በየቀኑ አራት መቶ ጊዜ ቆሞ ያሳልፋል።
«እንጃ» አልኳት።

ሰኞ ደሴ ወጣሁ። አረቡ ከወንድሙ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ
ተቀምጧል፣ ጃኬቱን ቀኑን ሙሉ ለብሶ።
ነገርኩት። አልሣቀም።
«ይቆያል?» አለኝ።
«ይቆያል።»
«ሁልጊዜ?»
«ሁልጊዜ።»
ምስማር የሚገዛ ሰው መጣ፤ መዘነለት፣
በላዩ አንድ እፍኝ ጨመረለት።

ተሰነባብተን አስፋልቱን ተሻግሬ ዞር ብዬ አየሁት፤
ከማዶ እጁን አንሥቷል፣
አንዱ መዳፍ ከሌላው በላይ፣ ሳይነካካ፦
ቀስ።

አንድ ባጃጅ እሱን የጠራው መስሎት በመካከላችን ቆመ።
«ወዴት ናችሁ?» አለ ልጁ፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ።
ሁለታችንም አልመለስንለትም።